በሳምንት አንድ ነፍሰ ገዳይ

የጽሕፈት መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። አንዲት መርሴዲስ በሎስ አንጀለስ ጎዳና ትመጣለች፤ ሞተሯ አይሰማም፣ የከተማው ግርግር አይሰማም፣ የፊልም ሙዚቃም የለም። ፎቁ ላይ አንድ ደራሲ ቢሮው ቁጭ ብሎ ልቦለድ ይተይባል። መኪናዋን የሚነዳው የሥራ ሸሪኩ ነው። ፈገግ ብሎ ይገባል፣ ይቀልዳል፣ አግባብቶም ከከተማ ራቅ ወዳለው የመዝናኛ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። እዚያ ደራሲው ለሚስቱ እየደወለ ሳለ ይተኩስበታል። ሚስትየው ባሏ ከቢሮው የደወለላት ነው የሚመስላት። እኛ ግን ሁሉንም አይተናል።

ይህ «መርደር ባይ ዘ ቡክ» የተሰኘው የ«ኮሎምቦ» ክፍል ነው። በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 ታየ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳይሬክተሩ የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ ስቲቨን ስፒልበርግ። ጽሑፉ የስቲቨን ቦችኮ ነው፤ ኋላ «ሂል ስትሪት ብሉዝ»ን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ማለት ነው። ሁለቱም ገና ስም አልነበራቸውም።

ተከታታዩን ከዳር እስከ ዳር ደግመን ልናየው ተስማምተናል። ባለቤቴ፣ እኔ፣ እና ዕድሜያቸውን በዐቃቤ ሕግነት ጨርሰው ጡረታ የወጡት አጎቴ። «አንድ ቀን ደግመን እናየዋለን» ማለት ቀላል ነው፤ ማንም ይለዋል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ጣጣው ይመጣል። ኮሎምቦ 69 ፊልም ነው። የመጀመሪያው በ1968፣ የመጨረሻው በ2003 የታየ፤ 35 ዓመት የፈጀ። አጭሩ ክፍል አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ረጅሞቹ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይሆናሉ። ከየት ይጀመራል? የትኛው ይዘለላል? በምን ያህል ፍጥነት? የቤቱ ጭቅጭቅ እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

ላላዩት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሀብታም፣ የተማረ፣ የተከበረ ሰው ይገድላል። የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ የወይን ጠጅ ጠማቂ፣ ፎቶ አንሺ፣ የጦር ትምህርት ቤት አዛዥ ሊሆን ይችላል። ተጠንቅቆ ያቅዳል፣ ዱካውን ያጠፋል፣ ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚመሰክርለት ያዘጋጃል። ከዚያ በሩ ይንኳኳል። የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ሲጋር ከእጁ የማይለይ አጠር ያለ መርማሪ ይገባል፤ እርሳስ ጠፍቶበት ገዳዩን እርሳስ ይለምናል። ሽጉጥ አይታጠቅም። የሚነዳት በ1959 የተሠራች፣ ጣራዋ የሚከፈት፣ ልትበታተን የደረሰች ፔጆ 403 ናት። ስለ ሚስቱ ሲያወራ ይውላል፤ በ69ኙ ፊልም ውስጥ ሚስቲቱ አንድም ቀን አትታይም። ውሻም አለው፤ ስሙ «ውሻ» ነው። ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ዘወር ይልና «አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ ጌታዬ» ይላል። ገዳዩ የሚጠፋው በዚያች አንዲት ነገር ነው።

ፈጣሪዎቹ ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ የፊላደልፊያ የልጅነት ጓደኛሞች ነበሩ። ኮሎምቦ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ብቅ ያለው በ1960 ሲሆን የተጫወተው በርት ፍሪድ ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በ1962 ታሪኩ ወደ መድረክ ተውኔት ተቀየረ፤ ኮሎምቦን የያዙት አንጋፋው ቶማስ ሚቸል ነበሩ። ያቺ «አንዲት ነገር ብቻ» የምትለው ነገር የተወለደችው ያን ተውኔት ሲጽፉ ነው። ሊንክ እንዳወጉት፣ አንዱ ትዕይንት አጥሮባቸው ተገኘ፤ መርማሪው ግን ተሰናብቶ ወጥቷል። ገጹን እንደገና ከመተየብ ይልቅ ሰውየውን ከበሩ መለሱት። ስንፍና እንዲህ የሚባረክበት ጊዜም አለ።

በ1968 ታሪኩ ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ ደራሲዎቹ ያሰቡት ሸምገል ያለ ተዋናይ ነበር። ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሚናው ለፒተር ፎልክ ደረሰ፤ ያኔ 40 ዓመቱ ነው። ፎልክ በሦስት ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ዓይን የኖረ ሰው ነው። ያ አንገት ዘንበል፣ ዓይን ጨፈን የማድረግ ልማድ ኮሎምቦ ላይ ሲታይ የትወና ብልጠት ይመስላል፤ ግማሹ ግን የተፈጥሮው ነው። ካፖርቱም ከቤቱ ያመጣው የራሱ ነበር። በዚህ ገጸ ባሕርይ አራት የኤሚ ሽልማት ወሰደ፤ በ2011 ሲሞት የዓለም ጋዜጦች ከስሙ ቀጥሎ የጻፉት ኮሎምቦን ነው። ቡዳፔስት ውስጥ በፎልክ ሚክሻ ጎዳና ካፖርቱን እንደለበሰ ከነውሻው የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል።

አጎቴ የዕቅዱን ወረቀት አይተው የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ሕጋዊ ነበር። «ገዳዩ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ከታወቀ፣ የምናየው ምኑን ነው? እኔ መዝገብ ስይዝ ተከሳሹ ከታወቀ የቀረው የወረቀት ሥራ ነበር።»

«ጋሼ፣ የእርስዎን የወረቀት ሥራ ነው እኮ የሚያሳየን» አልኳቸው።

ሳቁ፤ ግን ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። አብዛኛው የወንጀል ድራማ ሲደገም ይሞታል። ዘጠኝ ሰው ተጠርጥሮ አሥረኛው ሆኖ የተገኘበትን ታሪክ ሁለተኛ ስታዩት ዘጠኙ ሰዎች ሁሉ ጊዜ ማባከኛ ናቸው። ኮሎምቦ የተሠራው በተገላቢጦሽ ነው። ይህን አካሄድ ሌቪንሰንና ሊንክ አልፈጠሩትም። እንግሊዛዊው ኦስቲን ፍሪማን በ1912 ባወጣው የአጫጭር ልቦለድ መድበል ወንጀሉን አስቀድሞ እያሳየ፣ ምርመራውን ከኋላ አስከትሎ ጽፏል። የኮሎምቦ የሩቅ ዘመድ ደግሞ በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ያለው መርማሪ ፖርፊሪ ፔትሮቪች ነው፤ ተጠርጣሪውን እያሞካሸ፣ እያወራ፣ እየተሰናበተ፣ እየተመለሰ የሚያደክመው። ሁለቱ ደራሲዎች ራሳቸው ይህን ተናግረዋል።

በእኛም አገር ጥፋተኛን የመፈለጊያ ብዙ ዘዴ ነበር። አገሬው ተሰብስቦ የሚወጣጣበት አውጫጭኝ ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሌባው ቤት ይደርሳል የሚባልለት ሌባ ሻይ ነበር። እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት «ማነው?» ብለው ነው። ኮሎምቦ ግን የሚመስለው አደባባይ ላይ ነጠላ አጣፍቶ፣ ዘንግ ይዞ «ተጠየቅ» የሚለውን ተሟጋች ነው። ማንነቱ አይደለም የሚፈለገው፤ ባላጋራው በገዛ አፉ የሚያዝበት ቃል ነው። አጎቴ ይህን ስላቸው ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከአሮጌዎቹ ተከታታዮች ሁሉ ደግሞ ለማየት እንደ ኮሎምቦ የተመቸ የለም፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይም እንኳ መጨረሻው ታውቆ ነው የሚታየው። ሲደገም የሚቀንስ ነገር የለውም፤ የሚጨምር እንጂ። በሁለተኛው ዙር የሚፈለገው ነገር ይለወጣል፤ ኮሎምቦ የጠረጠረው በየትኛዋ ደቂቃ ነው? «ዴዝ ሌንድስ ኤ ሃንድ» ላይ የሟቿን ጉንጭ የቀለበት ጫፍ ቧጭሮታል። ኮሎምቦ ከገዳዩ፣ ከአንድ የግል መርማሪ ድርጅት ባለቤት ጋር ሲጨዋወት መዳፍ ማንበብ እንደሚወድ ያወራና የሰውየውን እጅ ይዞ ያገላብጣል። መጀመሪያ ስታዩት ቀልድ ነው። ስትደግሙት ግን ሰውየው እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳበቃለት ታያላችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ በ1973 የወጣው «ኤኒ ኦልድ ፖርት ኢን ኤ ስቶርም» ነው። ስለዚህኛው ትንሽ ልቆይ። ኤድሪያን ካርሲኒ (ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው የተጫወተው) ወይን ጠጅን እንደ ሃይማኖት የያዘ ሰው ነው። ግማሽ ወንድሙ የመጥመቂያውን ቦታ ሊሸጥበት ይነሳል። ኤድሪያን በንዴት ይመታውና ራሱን የሳተውን ወንድሙን ወይን ጠጅ በሚቀመጥበት ክፍል አስሮ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ኒውዮርክ ይሄዳል። ወንድሙ አየር አጥቶ ይሞታል። እሱ በሌለበት ቀናት ግን ከተማው ላይ ያልተለመደ ሙቀት ይወርዳል።

የመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ ያቺ የማቀዝቀዣ ማጥፊያ የግድያ መሣሪያ ብቻ ናት። ስትደግሙት ሌላም ነገር ናት፤ ሰውየው በገዛ እጁ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበውን ወይን ጠጅ ሲያበላሽ ነው የምታዩት፤ እሱ አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ኮሎምቦ ግኝቱን የሚያወጣው በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ውድ ጠርሙስ ያስቀርባል። ካርሲኒ ይቀምስና ይቆጣል፤ በሙቀት የተበላሸ ነው ብሎ አስተናጋጁ ላይ ይጮሃል። ጠርሙሱ የወጣው ከካርሲኒ ጓዳ ነበር። በዓለም ላይ ያን ጉዳት በምላሱ መለየት የሚችል ሰው እሱ ብቻ በመሆኑ፣ በራሱ ላይ ሊመሰክር የሚችልም እሱ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በዚያች ፔጆ ውስጥ ተቀምጠው ጣፋጭ ወይን ይቀዳሉ። ኮሎምቦ ይህን ሰው አይጠላውም። እኔም አልጠላሁትም።

የፍጥነቱ ነገር። ባለቤቴ ሦስት በአንድ ምሽት ማየት ትፈልጋለች፤ ዘመኑ የለመደው ይህንኑ ነው። እኔ እምቢ አልኩ፤ እምቢታዬም ምክንያት አለው። ኤንቢሲ «ኮሎምቦ»ን በየሳምንቱ አላሳየም። «ሚስትሪ ሙቪ» በሚል አንድ ስም ሦስት ተከታታዮች ይፈራረቁ ነበር፤ «ኮሎምቦ»፣ «መክላውድ» እና «መክሚላን ኤንድ ዋይፍ»። የአንዱ ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ያርፋሉ። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ዓመት የወጣው የኮሎምቦ ክፍል 7 ብቻ ነው፤ በአንዳንዱ ዓመት ደግሞ 3 ብቻ። ደራሲዎቹ ጊዜ አገኙ፣ ተመልካቹም ናፈቀ። ያ ካፖርት፣ ያ ሲጋር፣ ያ «አንዲት ነገር ብቻ» በወር አንዴ ሲመጣ ዘመድ ነው፤ በአንድ ምሽት ሦስቴ ሲመጣ ግን ዘዴው ይጋለጣል፣ ገመዱ ይታያል። ዶሮ ወጥም በየቀኑ ሲበላ ፋሲካነቱ ይጠፋል። «ሰው ለሰው» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ድራማ በየሳምንቱ ስንጠብቅ በነበረበት ጊዜ ገጸ ባሕርዩ አስናቀ በሳምንቱ መካከል እንኳ መነጋገሪያ እንደነበር የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ የጠበቅንባቸው ቀናትም የድራማው አካል ነበሩ።

ስለዚህ በሳምንት አንድ፣ እሑድ ማታ። ሒሳቡም ደስ የሚል ነው። ከ1968 እስከ 1978 የተሠሩት 45 ናቸው፤ ሁለቱ የሙከራ ፊልሞች፣ 43ቱ መደበኛ ክፍሎች። ዓመት 52 ሳምንት አለው። ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ባለው እሑድ ቢጀመር ጳጉሜን ሳይደርስ ያልቃል፤ ሰባት ሳምንትም ይተርፋል። ያ ትርፍ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሰሙነ ሕማማት እና መብራት ለሚጠፋበት እሑድ ነው። ያለ ትርፍ የተያዘ ዕቅድ አዲስ አበባ ውስጥ የትም አይደርስም።

ከየት ይጀመር የሚለው ላይ እኔ ከብዙ ወዳጆቼ እለያለሁ። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ከአንድ ቁጥር መጀመር ይወዳል፤ አንድ ቁጥሩ ደግሞ በ1968 የወጣው «ፕሪስክሪፕሽን መርደር» ነው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ገዳዩን የሥነ ልቦና ሐኪም የተጫወተው ጂን ባሪም ይጥማል። ችግሩ ያለው ኮሎምቦ ላይ ነው። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ሲናገር ኮስተር ያለ፣ አንዲትን ሴት ተቆጥቶ የሚያስፈራራ መርማሪ ነው። ገና አልተጨማደደም። መጀመሪያ ወዳጅነት፣ ኋላ የትውልድ ታሪክ ይሻላል፤ ስለዚህ በስፒልበርጉ ፊልም ጀምሮ ሁለቱን የሙከራ ፊልሞች ገና ወይም ጥምቀት አካባቢ ማስገባት ነው። ያኔ ወጣቱን ኮሎምቦ ስታዩ እንደ ዘመድ የድሮ ፎቶ ትስቁበታላችሁ።

ባለቤቴ በተዋናይ እናሰልፈው አለች። ይህም ያስኬዳል። ጃክ ካሲዲ ሦስት ጊዜ ገዳይ ሆኗል፤ በ1971፣ በ1974 እና በ1976። ሮበርት ከልፕም እንዲሁ ሦስት ጊዜ። ፓትሪክ ማክጉን አራት ጊዜ ገድሏል፤ ከአራቱ ሁለቱ ኤሚ አሸልመውታል፤ በዚያ ላይ አንዳንዶቹን ክፍሎች እሱ ራሱ ዳይሬክት አድርጓል። ይሁን እንጂ የአንድ ተዋናይ ሥራ በተከታታይ ሲታይ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ካሲዲ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጺም፣ ሌላ ትዕቢት ይዞ ሲመለስ ነው የሚያስቀው።

አጎቴ ሌላ መደዳ አወጡ፤ እኔ እስካሁን የትም አላየሁትም። ክፍሎቹን በማስረጃ ጥንካሬ ደረደሯቸው። አንድ ዓምድ «ያስቀጣል»፣ አንድ ዓምድ «በነፃ ይሰናበታል»። «መርደር ባይ ዘ ቡክ» ወዲያው ሁለተኛው ውስጥ ገባ። ኮሎምቦ የያዘው ነገር ሟቹ ቀድሞ የመዘገባት አንዲት የልቦለድ ሐሳብ ናት፤ ገዳዩ የተጠቀመባት ዘዴ እዚያ ተጽፋለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ችሎት ፊት ይቆማል?»

«የመከላከያ ጠበቃው ተኝቶ ካልሆነ አይቆምም። ሰውየው ለምን እንዳመነ አልገባኝም። ዝም ቢል እቤቱ ነበር።»

«ዳገር ኦፍ ዘ ማይንድ» የባሰ ነው። ለንደን ውስጥ የሚካሄድ፣ በ1972 የወጣ ክፍል ነው። ኮሎምቦ ዕንቁ በጃንጥላ ውስጥ ይገኛል ብሎ ተጠርጣሪዎቹን ያስጨንቃል፤ ዕንቁዋም ትገኛለች። በመጨረሻ እንደምንረዳው ወደ ጃንጥላው የወረወራት ራሱ ነው። አጎቴ ይህን ሲያዩ ተነስተው ቆሙ። «ይሄ እኮ ማስረጃ መፍጠር ነው! እሱ ራሱ ነው መከሰስ ያለበት!» እውነታቸውን ነው። በዚያች ሌሊት ኮሎምቦ ቤታችን ውስጥ ትንሽ ክብር አጣ፤ ይገባዋልም።

«ያስቀጣል» የሚለው ዓምድ ግን ባዶ አይደለም፤ የተከታታዩ ወርቅም እዚያ ነው። «ሱተብል ፎር ፍሬሚንግ» በ1971 የወጣ ነው። የሥዕል ሐያሲው አጎቱን ገድሎ፣ የተሰረቁትን ሥዕሎች አክስቱ ቤት ደብቆ ወንጀሉን በእሷ ላይ ይጥላል። ኮሎምቦ በሥዕሎቹ ላይ የጣት አሻራ እንዳለ ይናገራል፤ አሻራውም የራሱ የኮሎምቦ ነው፤ ቀደም ሲል በሐያሲው ቤት ተሸፍነው ሳሉ ነክቷቸው ነበር። ሐያሲው «አሁን እዚሁ የነካሃቸው ነው!» ብሎ ይጮሃል። ኮሎምቦ እጁን ከካፖርቱ ኪስ ያወጣል። ጓንት አድርጓል። ፊልሙ በዚያው ያበቃል። አጎቴ ብዙ ሳይናገሩ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ጻፉት።

የ1974ቱ «ኔጋቲቭ ሪአክሽን» ከዚያ ቀጥሎ ነው። ዲክ ቫን ዳይክ ሚስቱን የገደለ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ የመከላከያው መሠረት አንድ ፎቶ ነው። ኮሎምቦ ፎቶውን ገልብጦ አሳትሞ ዋናው ተበላሽቷል ይለዋል። ሰውየው ኔጋቲቩ ካሜራው ውስጥ አለ ብሎ ይነሳና፣ ፖሊስ ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ከተኮለኮሉት ካሜራዎች መካከል ያንን አንዱን አንስቶ ያወጣል። የትኛው ካሜራ እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው ገዳዩ ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ፖሊሶች ሁሉ ምስክር ናቸው። «ይሄ ነው እንጂ!» አሉ አጎቴ፤ «ሳይጠየቅ የሰጠው የእምነት ቃል!»

«ኤ ፍሬንድ ኢን ዲድ»ን ደግሞ የሥልጣን ነገር የሚያሳስባችሁ እንዳታልፉት። ገዳዩ የኮሎምቦ አለቃ ነው፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር። ሚስቱን ገድሎ በአንድ የታወቀ ሌባ ላይ ሊለጥፈው የሌባውን አድራሻ ከመዝገብ ያነባል፣ ጌጣጌጡን እዚያ ቤት ይሸጉጣል፣ ከዚያ ፖሊስ አስከትሎ ያንን ቤት ያስፈትሻል። ቤቱ ግን የሌባው አይደለም። ኮሎምቦ መዝገቡ ላይ የሌባውን አድራሻ ለውጦ ያስገባው ራሱ የተከራየውን ቤት አድራሻ ነበር፤ ያንን አድራሻ ደግሞ ያየው ምክትል ኮሚሽነሩ ብቻ ነው። የበታች ሠራተኛ አለቃውን በአለቃው የገዛ ትእዛዝ ሲይዘው የታየበት እንዲህ ያለ ትዕይንት በቴሌቪዥን ብዙ የለም።

ኮሎምቦ የሚወደድበት ሌላ ምክንያት እዚህ አለ። ሟቹ ድሀ ቢሆንም ገዳዩ ሁልጊዜ ባለ መዋኛ ገንዳ ነው። ሌቪንሰንና ሊንክ አስበውበት ነው ያደረጉት። ካፖርቱን እያየ የሚንቀው፣ በኋላ በር ግባ የሚለው፣ ትርፍ ሰዓት የሰጠው የሚመስለው ሰው በመጨረሻ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ኮሎምቦ ግን በዚህ አይኩራራም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያዝናል። ቁጣው ገንፍሎ ያየሁት «ኤ ስቲች ኢን ክራይም» ላይ ሊዮናርድ ኒሞይ የተጫወተው ሐኪም ሲስቅበት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዕቃ ያጋጨዋል፣ ድምፁ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ ስለማይቆጣ ያቺ አንዲት ቁጣ ታስደነግጣለች።

አሁን ከባዱ ውሳኔ። በ1978 ኤንቢሲ አቆመ። መሀል ላይ በ1979 የኮሎምቦን ሚስት ዋና ባለታሪክ ያደረገ ሌላ ተከታታይ ተሞክሮ ብዙም ሳይቆይ ቀረ፤ የማትታየዋን ሴት ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አይገባኝም። በ1989 ኤቢሲ ፎልክን መልሶ አመጣው፤ እስከ 2003 ድረስም 24 ፊልም ተሠራ። እነዚህን ሁሉ ልያቸው የሚል ካለ ይችላል፤ ጊዜው የራሱ ነው። ሁለት አሉ፤ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» እና «አንደርከቨር»፤ የሌላ ደራሲ የፖሊስ ልቦለዶች ተወስደው ኮሎምቦ የተለጠፈባቸው ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ እንዲያውም የሚገለጥ ግድያ የለም፤ አንዲት ሙሽራ ትጠለፋለች፣ ኮሎምቦም እንደ ማንኛውም ፖሊስ ሰዓት እየቆጠረ ይሯሯጣል። ይህ ኮሎምቦ አይደለም። ከድሮዎቹም አንድ የሚዘለል አለ፤ በ1976 የወጣው «ላስት ሳሉት ቱ ዘ ኮሞዶር»። ገዳዩን ደብቆ እስከ መጨረሻው የሚያቆይ፣ ተዋንያኑ ሁሉ በሕልም ውስጥ ያሉ የሚመስሉበት እንግዳ ነገር ነው። ደንቡ ሲሰበር ምን እንደሚጎድል ማየት የሚፈልግ ግን ይየው፤ በዚያ ይጠቅማል።

ከኤቢሲ ዘመን እኔ የያዝኩት ሁለት ነው። «አጀንዳ ፎር መርደር» የማክጉን ነው፤ ጠበቃ ሆኖ ይገድልና ቁራሽ አይብ ላይ የጥርሱን ምልክት ጥሎ ይሄዳል። አጎቴ ይህንንም ዝም ብለው አላለፉትም። የጥርስ ንክሻ ማስረጃ ዛሬ በአሜሪካ ራሷ በሳይንቲስቶች ብዙ ትችት ወርዶበታል። በ1990 ግን ተመልካቹ አምኖ ወስዶታል። ሁለተኛው «ኮሎምቦ ጎዝ ቱ ኮሌጅ» ነው፤ ሁለት የሀብታም ልጆች መምህራቸውን ገድለው ኮሎምቦን ያስተምሩታል ብለው ሲያስቡ።

የአሠራሩን ነገር በአጭሩ። የድሮው ምስል ለአራት በሦስት ስክሪን የተቀረጸ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ምስሉን ወደ ጎን ከለጠጠው ፎልክ ወፍራም ይሆናል፣ ፔጆዋም ትረዝማለች፤ ማስተካከያውን ገብታችሁ መልሱት፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር ምንም አይደለም። ለማስታወቂያ ተብለው የተቆረጡ ቅጂዎች አሉ፤ ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በታች የሆነ ቅጂ ካጋጠማችሁ የጎደለ ነገር አለ። ደም እምብዛም ስለማይታይ፣ ስድብም ስለሌለ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋር ማየት ይቻላል። ስልክ ግን ይቀመጥ፤ የኮሎምቦ ፍንጭ በንግግር ሳይሆን በዓይን የሚያዝ ነው፤ አንዴ አቀርቅራችሁ መልእክት ካያችሁ ቀለበቷ አልፋለች።

አንድ ወግ በመሀል። ኮሎምቦ በፊልሞቹ ውስጥ የመጀመሪያ ስሙን አይናገርም። ፍሬድ ዎርዝ የተባለ የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ አዘጋጅ ሥራውን የሚሰርቀውን ለመያዝ ሆን ብሎ «ፊሊፕ ይባላል» የሚል ሐሰት መጽሐፉ ውስጥ ከተተ። «ትሪቪያል ፐርሱት» የተባለው ጨዋታ ያንኑ ሐሰት ይዞ ወጣ። ዎርዝ በ1984 ከሰሰ፤ 300 ሚሊዮን ዶላርም ጠየቀ። ተሸነፈ። አጎቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ከኮሎምቦ ክፍሎች ሁሉ ጥሩው የማስረጃ ወጥመድ ይህ ነው አሉ፤ ያልተቀረጸ መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ዓመት የማያደርስ፣ አንድ ብቻ ልይ የሚል ካለ ደግሞ ከሁሉ «ፎርጎተን ሌዲ»ን እመርጥለታለሁ። በ1975 የወጣ ነው። ጃኔት ሊ የድሮ የሙዚቃ ፊልም ኮከብ ሆና ትጫወታለች፤ ወደ መድረክ መመለስ የከለከላትን ባሏን ትገድላለች። ኮሎምቦ ማስረጃውን ሁሉ ሰብስቦ ሲደርስ አንድ ሌላ ነገር ይረዳል፤ ሴቲቱ በአንጎሏ ውስጥ በሽታ አለባት፤ ግድያውን አታስታውሰውም፣ የቀራትም ዕድሜ የወራት ብቻ ነው። አብሯት የሚደንሰው የድሮ ጓደኛዋ (ጆን ፔይን) ተነስቶ ገዳዩ እኔ ነኝ ይላል። ውሸቱን እንደሆነ ኮሎምቦ ያውቃል። ክሱ ቢመረመር ብዙም እንደማይቆይ ይነግረዋል፤ ሰውየውም ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል ይለዋል። ሁለት ወር ይበቃታል። አጎቴ ይህን ክፍል የትኛውም ዓምድ ውስጥ አላስገቡትም።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ከ1971 እስከ 1978 ያሉትን፣ ከ«ላስት ሳሉት» በስተቀር፣ ሙሉ ለሙሉ፣ በሳምንት አንድ፤ የ1968ቱንና የ1971ን የሙከራ ፊልሞች በመሀል፤ ከኤቢሲ ሁለት፤ የቀረው ይቅር። ሀሳብ ያላችሁ፣ ሌላ ቅደም ተከተል የሞከራችሁ ጻፉልኝ። በተለይ የ«ያስቀጣል» ዓምድ ገና ብዙ ባዶ መስመር አለው።